ተያዥ የሌለው ማኅደር

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ፈቃድ ሲሰጡ ሐሳቡ ሦስት ክፍል ነበረው። መጀመሪያ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ። ሐዲዱ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። ሥራውን የያዘው ኩባንያ ከስሮ፣ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። እዚያው ቆመ። ሦስተኛው ክፍል ከወረቀት አልወረደም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የወጣው አገር አቀፍ የባቡር ዕቅድም በእኛው በምዕራብ ሸዋ፣ በኢጃጂ በኩል ወደ ጅማ የሚዘልቅ መስመር አስፍሮ ነበር፤ እሱም እንደ ቀዳሚው ወረቀት ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ከሆለታ እስከ ባኮ ያለ ሰው ባቡርን የሚያውቀው በወሬ ነው፤ ወይም ድሮ፣ አሮጌው ባቡር ሳይቆም፣ አዲስ አበባ ለገሃር ጣቢያ ድረስ ሄዶ በማየት።

ሐዲዱ ወደ ምዕራብ ሸዋ ባይመጣም የምዕራብ ሸዋ ልጆች ወደ ሐዲዱ ሄደዋል። ከአምቦ ወይም ከጊንጪ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ አዲስ አበባ የገባ ጎረምሳ፣ የአገሩን ሰው አፈላልጎ፣ በዚያ ሰው ተያዥነት ምድር ባቡር ይቀጠር ነበር። ከዚያ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ ወይም ድሬዳዋ ይመደብ ነበር፤ እዚያው ይጎለምሳል፣ እዚያው ያረጃል። ጡረታ ሲወጣ አገሩ የሚመለስ አለ። ሲሞት የሚያለቅስለት ዘመድ አያጣም፤ ዕድሜውን የጨረሰበትን ሥራ ግን ከለቀስተኞቹ አንዱም አላየውም። ያንን ያየው ሩቅ ያለ፣ ምናልባትም ቀድሞት ያረፈ የሥራ ባልደረባው ነው።

የሥራ ባልደረባ በትዝታችን ውስጥ ቦታው የት ነው? ለዘመድ ሐረግ አለው። የሜጫ ኦሮሞ ሽማግሌ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ወደ ኋላ ሲቆጥር ትንፋሹ አይቆራረጥም፤ የሜጫ ገዳ ሸንጎ የሚቀመጥበት የኦዳ ቢሲል አገር ሰው ስም በቃል መያዝን የተማረው ጽሕፈት ቤት ከመከፈቱ እጅግ አስቀድሞ ነው። ለጎረቤት እድር አለው። ለአበልጅ፣ ለጡት ልጅ፣ ለማኅበርተኛ፣ ለእያንዳንዱ የሚታወስበት ወግ ተሠርቶለታል። የሥራ ባልደረባ ግን ያልመረጥነው፣ ያልተዛመድነው፣ ነገር ግን ከሚስትና ከልጅ ይልቅ ብዙ የንቃት ሰዓት አብረነው ያሳለፍነው ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ሁሉም በየፊናው ይበተናል። የሚያገናኛቸው ተዝካር የለም። አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን ካቆመ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በአዲሱ ሰፊ ሐዲድ ላይ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከአሮጌው ሠራተኞች ብዙዎቹ ጡረተኞች ወይም ሟቾች ነበሩ። ከእነሱ ጋር የነበረው አብሮነት የት ገባ ብሎ ለሚጠይቅ፣ በእጅ የሚጨበጠው መልስ የሠራተኛ ማኅደር ነው።

ማኅደር ምን እንደሚይዝ የመንግሥት ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቃል። የቅጥር ቅጹ፣ ጉርድ ፎቶግራፉ፣ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቦታ፣ የትውልድ ዘመን፣ የጤና ምርመራ ወረቀት፣ የተያዥ ውል። ከዚያ ዓመታቱ ይደራረባሉ፤ የደመወዝ ጭማሪ፣ ዝውውር፣ የዓመት ፈቃድ፣ የሐዘን ፈቃድ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። መጨረሻው የጡረታ ወይም የሞት ማስታወቂያ ነው። ይህን የጻፈው ሰው ለትዝታ ብሎ አልጻፈም። ማን ስንት እንደሚከፈለው፣ ማን ከማን እንደሚቀድም፣ ንብረት ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ለማወቅ ነው የጻፈው።

እስቲ የትውልድ ዘመን የሚለውን ሣጥን ብቻ እንመልከት። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በጀልዱ ወይም በጮቢ ገጠር የተወለደ ልጅ ዘመኑን የሚያውቀው በነገር ነው፤ ጣሊያን በገባ በማግሥቱ፣ አንበጣ በወረደበት ክረምት፣ እከሌ የሚባለው ባላባት በሞተበት ዓመት። ከጸሐፊው ፊት ሲቆም ይህን ይናገራል፤ ጸሐፊው ያሰላና አንድ ቁጥር ይጽፋል። የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር የጽሕፈት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና ቁጥሩ ወደ ፈረንጅ ዘመን ይዞራል፤ በዚያ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ተጨምሮ ይሁን ተረስቶ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። ሕጉ ደግሞ የጡረታ ዕድሜ የሚታሰበው መጀመሪያ በቅጥር ጊዜ በተመዘገበው ነው ይላል። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ አንድ ቀን ጠዋት የገመተው ቁጥር ያንን ሰው ሙሉ ዕድሜውን ይከተለዋል። ገና ጉልበት እያለው ከሥራ ያስወጣዋል፤ ወይም ጉልበቱ ካለቀ በኋላም ያቆየዋል። እናቱ የምታውቀው ልደቱና መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ልደቱ ተለያይተው አብረው ይኖራሉ። ማኅደሩን ይዘን ሟቹን ፍለጋ ስንሄድ መጀመሪያ የምናገኘው ያንን ከቢሮ የተወለደውን ሰው ነው።

ስሙም እንደዚሁ ነው። የኦሮምኛ ስም በፈረንሳይኛ ጆሮ ተሰምቶ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ዓመታት አልፈው ያንኑ የላቲን ጽሑፍ ሌላ ጸሐፊ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ሲመለስ መጥበቁ ላልቶ፣ መላላቱ ጠብቆ፣ አንዳንዴም ሌላ ስም ሆኖ ይመጣል። ልጅ የአባቱን የአገልግሎት ማስረጃ ፈልጎ ሲሄድ በሦስት አጻጻፍ የተጻፈ አንድ አባት ያጋጥመዋል፤ አንድ ሰው መሆናቸውን ያስረዳ ሲባል ወደ ሰው ምስክር ይመለሳል። ወረቀት ሰውን እንዲተካ ተፈጥሮ፣ ወረቀቱ ራሱ እውነት መሆኑ እንዲታወቅ እንደገና ሰው ያስፈልገዋል።

ከአምቦ ሁሉቃ ወንዝ ማዶ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ አውቃለሁ። የአገልግሎት ዘመናቸውን ሲያጣሩ ያገኙት አንድ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ፎቶ ኮፒ አላቸው። የእሳቸው ስም ከመሃል ላይ ነው፤ ከላይና ከታች የሌሎቹ ስም፣ ከየስሙ ትይዩ ፊርማ፣ መጻፍ ለማይችለው የአውራ ጣት አሻራ። አንድ ከሰዓት በኋላ ስሞቹን ከላይ ጀምረው አነበቡልኝ። ሲወዱት የኖሩት ሰው ጋ ሲደርሱ ታሪክ ይጀምራሉ፤ ድምፃቸው ይለወጣል፣ ይስቃሉ። እየወረዱ ሄደው አንዱ ስም ላይ ጣታቸው ቆመ። ዝም አሉ።

«ምነው አባባ?» አልኳቸው።

«ይህን ሰው ጨርሶ ረስቼው ኖሯል ልጄ። እኛ ገና ሳንነቃ ሻይ የሚያፈላልን እኮ እሱ ነበር።»

ወደ ታች ወርደው ደግሞ ከሌላ ስም ጋር ተገናኙ። ከዚህኛው ጋር ተኳርፈው መኖራቸውን ከፊታቸው አወቅሁ። ስሙን አነበቡና፣ «እሱም ነበር» ብለው አለፉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማኅደር የማስበው ተለውጧል። ትዝታ ይመርጣል። የሚወደውን ያጎላል፤ ጨዋታ አዋቂውን፣ ለጋሱን፣ በድንገት የተቀጨውን ይይዛል። ዝምተኛውን፣ ሥራውን ሠርቶ ወደ ቤቱ የሚሄደውን፣ አስቸጋሪውን ይጥላል። የደመወዝ ዝርዝር እንዲህ አያደርግም። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይሰጣል፤ የተወደደውም የተጠላውም መስመሩ እኩል ነው። ያዘጋጀው ሰው ይህን ያደረገው ፍትሕን አስቦ ሳይሆን ገንዘብ እንዳይሳሳት ብሎ ነው፤ ቢሆንም በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ፍቅር የማይችለው አንድ ዓይነት እኩልነት አለ። አዛውንቱ ሻይ አፍዪውን ያገኙት በልባቸው አልነበረም፤ ልባቸው ጥሎት ነበር። ያቆየላቸው ለሰውዬው ደንታ ያልነበረው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ስለ ሻዩ አንድም ቃል የለውም። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ሰውዬው በአንዱ ዘንድ ቁጥር፣ በሌላው ዘንድ ምንም ሆኖ ይቀር ነበር።

በባቡር ሥራ ውስጥ ደግሞ ይህ ነገር የበለጠ ይጠልቃል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር፣ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ነጠላ ሐዲድ ነበር። የሚመጣና የሚሄድ ባቡር የሚተላለፉት በጣቢያ ላይ ብቻ ነው። አንዱ ከጣቢያ ከመነሣቱ በፊት፣ በሚቀጥለው ጣቢያ ያለው ሠራተኛ መንገዱ ነፃ መሆኑን ማስታወቅ አለበት። እንግዲህ የባቡር ነጂው ሕይወት የተንጠለጠለው በረሃ መሃል ባለች ጣቢያ ተቀምጦ መልእክት በሚልክ፣ ፊቱን አጥርቶ በማያውቀው ሰው ቃል ላይ ነው። በእግሩ ሐዲዱን እየተከተለ ብሎን የሚያጠብቀውን ሠራተኛም ነጂው የሚያየው በመስኮት፣ ለአፍታ፣ እጁን አንሥቶ ሲያልፍ ነው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ነፍሳቸውን እርስ በርስ አደራ ተሰጣጥተው ኖረዋል፤ አንዳንዶቹ አንድ ማዕድ ላይ ቀርበው አያውቁም። ለእነሱ ባልደረባን በስምና በፊርማ ማወቅ ከሞት በኋላ የመጣ አይደለም። በሕይወት ሳሉም የተዋወቁት በዚያው በኩል ነው። «በመዝገብ ላይ ያለ ስም ሰው አይሆንም» ለሚል ሰው መልሴ ይህ ነው፤ ለባቡር ሠራተኛ ያ ስም ከጥንቱም ቢሆን የሚታመን ሰው ነበር።

ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ድልድይ ኩርባ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ዓለም አደጋውን የሰማው በሟቾች ቁጥር ነው። በመስመሩ ላይ ለሚሠሩት ግን መጀመሪያ ከአፍ የሚወጣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ተረኛው ማን ነበር? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው የተረኞች ዝርዝር ነው።

አንድ ሌሊትም አለ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ለስደት ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። ታሪክ የተሳፋሪውን ስም፣ የተከታዮቹን ስም፣ የወሰኑትንና የተቃወሙትን መኳንንት ስም ጽፏል። ሞተሩን የነዳው፣ እሳቱን የቆሰቆሰው፣ በየጣቢያው ውኃ የሞላው ሰው ስሙ የተጻፈ ከሆነ የተጻፈው በደመወዝ መዝገብ ላይ ነው። ያ መዝገብ ከጠፋ የዚያ ሌሊት ባቡር ራሱን ነድቶ የሄደ ይመስላል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰብን እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሐዲድ ሲዘረጉ ከሕንድ ወደ 32,000 ገደማ ሠራተኞች አመጡ፤ ወደ 2,500 የሚሆኑት ሞቱ። ቁጥሩ በየመጽሐፉ አለ፤ ስሞቹን የሚያነብ ግን የለም ማለት ይቻላል። በአንጻሩ በራሷ በብሪታንያ ከ1833 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ያሉ የባቡር ኩባንያ ሠራተኞች መዝገቦች በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተጠብቀዋል፤ የልጅ ልጆች ቅድመ አያታቸውን እዚያ ያገኙታል። በአሜሪካም ከ1930ዎቹ ጀምሮ የባቡር ሠራተኞችን ጡረታ የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ስላለ የብዙዎቹ ማኅደር ተርፏል። ልብ ካልን ማኅደሩን ያዳነው ጡረታው ነው።

የእኛም ታሪክ እንደዚሁ ነው፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። አሮጌ ማኅደር በመደርደሪያ ላይ የሚቆየው አንድ ሰው መጥቶ የአገልግሎት ዘመኔን አውጡልኝ ሊል ስለሚችል ነው። ጡረተኛው ሲሞት ሚስቱ ትመጣለች፤ 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ካሉ ሞግዚታቸው ይመጣል። ሚስትም ስትሞት፣ ልጆችም ሲያድጉ፣ ያ ማኅደር ከእንግዲህ ጠያቂ የለውም። ያን ጊዜ ቦታ የያዘ ወረቀት ይሆናል። ለታሪክ ያለው ዋጋ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ ጠባቂ የሚያጣውም እዚያው ላይ ነው። ያለ ምንም ማመንታት የምለው፣ የአሮጌው ምድር ባቡር ማኅደሮች፣ በለገሃርም ይሁን በድሬዳዋ ወይም በየትኛውም መጋዘን ያሉት፣ እንደ ብራና መጽሐፍ ሊጠበቁ ይገባቸዋል። ፈረንሳዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ኦሮሞው በአንድ የደመወዝ ቀን ተራ በተራ የፈረሙበትን ወረቀት ከባቡር መዝገብ ሌላ ብዙ ቦታ አናገኝም።

ከማኅደሩ ወረቀቶች ሁሉ የእኔን ልብ የሚይዘው የተያዥ ውሉ ነው። አዲስ ተቀጣሪ ንብረት ቢያጠፋ ወይም ጠፍቶ ቢሄድ ከደመወዜ ይቆረጥ ብሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልገዋል። የአምቦው አዛውንት ከጊንጪ ለመጣ አንድ ልጅ እንዲህ ፈርመዋል። ልጁን የሚያውቁት ከአንድ ሳምንት ወዲህ ነው፤ የአባቱን ስም ነግሯቸው፣ አባቱን ገበያ ላይ ያዩት ስለመሰላቸው ብቻ ፈረሙ። መሥሪያ ቤቱ በዚያ ወረቀት የፈለገው ዋስትና ነው። ሳያውቀው ግን የአንድን ሰው እምነት በሌላው ሰው ማኅደር ውስጥ አስቀመጠ። የሐዘን ፈቃድ ማመልከቻም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ቀን የጠየቀ ሰው ማን እንደሞተበት ይጽፋል፤ በእነዚያ ሁለት መስመሮች እናቱ ትገባለች። ለሠርግ የተጠየቀ የደመወዝ ብድር አለ። ሕይወት መግቢያ ቀዳዳ ካገኘች በቅጽም ትገባለች።

ማኅደር የማይነካው ነገር ደግሞ አለ። የሥራ ቦታ እድር ያላቸው ሠራተኞች ሌላ መዝገብ ነበራቸው፤ በእሱ ላይ ሰው የሚሰፍረው ከባለቤቱ፣ ከልጆቹ፣ ከወላጆቹና ከአማቶቹ ጋር ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀውን መጠሪያ ስም ቄሱ ለፍትሐት አይጠቀምበትም፤ የክርስትና ስሙን ይጠይቃል፤ ያ ስም በየትኛውም የደመወዝ ዝርዝር ላይ የለም። አብረው ፈረቃ የገቡ ሰዎች የባልደረባቸውን የክርስትና ስም የሚሰሙት ብዙ ጊዜ በቀብሩ ቀን ነው። ሙስሊሙ ባልደረባቸው ሲሞት ደግሞ ከኋላ ቆመው ዱዓው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። የሰው ሙሉ ስም በአንድ መዝገብ ላይ ተሟልቶ አይገኝም።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ለእኔ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። ማኅደር ውስጥ የቅጣት ወረቀት አለ። ሰክሮ ሥራ የገባ፣ ከፉርጎ ጭነት የጎደለበት፣ አለቃውን የሰደበ፣ በሥራ ማቆም የተከሰሰ። የሕክምና ወረቀት አለ፤ ሰውዬው ለሚስቱ ያልነገራት በሽታ። ወረቀቱን የያዘ ተመራማሪ ወይም የልጅ ልጅ ይህን ሁሉ ያነባል፤ ሟቹ ግን ቀርቦ «እንዲህ ስለሆነ ነው» ሊል አይችልም። በእኛ ዘንድ ስለ ሞተ ሰው ክፉ የሚያነሣ አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ወረቀት ይህን አይልም። የቅጣቱን ገጽ ቀዶ መጣልም ግን ሌላ በደል ነው፤ በሥራ ማቆም የተቀጣ ሰው ቅጣቱ ከጠፋ ድፍረቱም አብሮ ይጠፋል፤ ያለ አግባብ የተቀጣው የተበደለበት ማስረጃም እሱው ወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ይቆይ እላለሁ፤ አብሮ የሠራ ሰው በሕይወት እያለ ግን ከእሱ አፍ ሳይሰማ ማንም አይጻፍበት።

አዛውንቱን ስለዚያ ተኳርፈውት ስለኖሩት ሰው ጠይቄያቸው ነበር። የጠባቸውን ምክንያት እሳቸውም እሱም ለአለቃ ጽፈውት ስለነበር በሁለቱም ማኅደር ውስጥ ይኖራል አሉኝ። ፈልጌ ባነበው ምን ይሉኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ የእሳቸውን ደብዳቤ ካነበብኩ የእሱንም ሳላነብ እንዳልቀር ነገሩኝ፤ እሱ የጻፈው ይበልጥ ትክክል ሳይሆን አይቀርም አሉ። ቀጥለውም ልጆቹ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ድሬዳዋ ካገኘሁ እንድነግራቸው አደራ አሉኝ።